ያላነበብነው

ከፒያሳ ወደ ቀሃ ሲወረድ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
አንዲት ክፍል አለችን፤
ዐሥራ ሰባት ያረጁ ኮምፒውተሮች የታጨቁባት፣
መብራት ሲመጣ፣ ውድቅትም ቢሆን፣ የምንነቃላት።

ለአዘዞ ተማሪዎች ነፃውን ሲስተም ጫንን፤
መስመር በመስመር የሚነበበውን፣
ፊደሉ ሲንጋደድ አንጓች ሌሊት ተቀምጣ ያቃናችውን፣
ሰው ለሰው ቢያቀብለው ሌባ የማይባልበትን።

ሁሉም ሠራ፤ ዋይፋዩ ብቻ ዲዳ ሆኖ ቀረ።
ፋብሪካው ምላሱን በአንዲት ፋይል ቆልፎ ነበረ።
በነፃ ትገኛለች፤ ነፃ ግን አይደለችም፤
ትጫናለች እንጂ አትነበብም።

«ከኛ ጋር አትገባም» አለ አዛናው፣ መነጽሩን አወለቀ፤
«በአንድ ቁና ጤፍ ላይ አንድ እፍኝ እንክርዳድ ከተደባለቀ፣
ገበያ አውጥተህ ምን ብለህ ትጠራዋለህ?
ጤፍ?»

አንጓች መበየጃዋን ሳታስቀምጥ ሳቀች።
«አንተስ ንጹሕ ሆነህ ታድራለህ» አለች፤
«የአዘዞው መምህር ግን መስመር ሲያጣ፣
አራዳ ወጥቶ በሃምሳ ብር የተሰረቀ ዊንዶውስ ይዞ ሲመጣ፣
ያኔ እፍኙ ሳይሆን ቁናው ነው የሚደፋው።
በሰው ልጅ ሆድ አትጹም፣ አዛናው!»

እኔ ዝም አልኩ።
ልጅ ሳለሁ አንገቴ ላይ ክታብ ነበረ፣ በቀይ ቆዳ የተሰፋ፤
ለንዳድ፣ ለዓይነ ጥላ፣ ስሙን ለማላውቀው ከለላ።
ምን እንደተጻፈበት ብጠይቅ እናቴ ደነገጠች፤
«የተፈታ ክታብ አይሠራም» አለች።
በምላጭ ፈታሁት።
ግማሹ ጸሎት ነው፤ ግማሹን እስከ ዛሬ አላወቅሁት።
ንዳዱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
ለቆኝ ነበር።

ይህን አልነገርኳቸውም። ለማን ይፈርዳል?

መብራት ጠፋ። በስልክ ብርሃን ተጨቃጨቅን፣
የመጨረሻው ባጃጅ አልፎ ጅቡ እስኪሰማን።
ሲነጋ ሁለት ፍላሽ ሆነ፤
አንዱ የኛው፣ በሌላው ያቺ ፋይል ብቻዋን።
አንጓች በፕላስተር ላይ ጻፈችባት፦
«ይህን አላነበብነውም።»
አዛናው «እጄ የለበትም» አለ፤
እንዳይምታታ ግን ቀዩን ክር ያሰረባት እሱ ነው።

አዘዞ ታክሲ ላይ ስሳፈር
ነፃውን ከቦርሳዬ ከተትኩ፣
ሌላዋን ሳላስበው ከደረት ኪሴ፣
ድሮ ክታቡ ከሚያርፍበት ቦታ።
መምህሩ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ፤
ሁለቱንም በአንድ እጁ ተቀበለኝ፤
ጽሑፏን አላያትም።