ሳለ

ከመጋዘኑ ጎን፥ ከቀይ ጡቡ ግንብ ሥር፣
ቅጠሉ ከቀረ አርባ ዓመት ቢቆጠር፣
ሽታው አልለቀቀም የፕሎቭዲቭን ሰፈር።
ወንድሜ ቬሊችኮ እዚያ አለችው ክፍል፣
የቆመ ሰዓትን ፈቶ የሚያስተካክል።
አንዲት ሲጋራ እንኳ ከንፈሩ አልነካም፤
"አመድ የገባው ማርሽ ጊዜን አይለካም"
ይል ነበር ሁልጊዜ፥ ስልሳ ዓመት እስኪያልፈው፣
ቀኝ እጁን አንድ ጧት እስኪያርገፈግፈው።

እኔ እህቱ ዝላትካ የነርቭ ሐኪም ነኝ፤
ስሙን ልነግረው ስል ቃሉ ራሱ አነቀኝ።

ከሳምንት በኋላ ጋዜጣ ቀዶ መጣ፤
ወረቀቷ እጁ ላይ እንደ ወፍ ልትወጣ
ክንፏን ታማታለች።
"አንብቢልኝ" አለ፤ "ዓይኔ መልቀም ሲሻ፣
ፊደሉ ይፈልጋል ከእጄ ላይ መሸሻ።"
አነበብኩለት፤ "በብዙ አገር ጥናት፣
የሚያጨስ ሰው እጁ በዚህ የመጠቃት
ዕድሉ ያንሳል" ይላል።

"አባታችን ሳለ" አለኝ ሳቅ ብሎ፣
"ሲጋራውን ብቻ በአፉ አንጠልጥሎ፣
ቅጠሉን በመርፌ ሲሰካ ሲደረድር፣
ጣቱ ዝንፍ አይልም የአንዲት ጸጉር ክር።
የጎረቤት ሕፃን ጆሮዋን ሲያማት፣
እኛ ቤት ነበረ እናቷ ያመጣቻት፤
ጭሱን እፍ ሲልባት ለቅሶዋ ጸጥ ይል።
መድኃኒት አይደለም ታዲያ ይህን ማን ይል?"

እኔም አልሁ በልቤ ያችን ቃል አዙሬ፦
አባታችን ሳለ፥ መኖሩን ቆጥሬ፤
አባታችን ሳለ፥ ከግድግዳው ማዶ
ሌሊቱን በሙሉ፥ ደረቱ ተቀዶ።
ያችው አንዲት ቃል ናት፤ እሱ ሰማ ዕድሜውን፣
እኔ ደም የነካው ነጭ መሀረቡን።

"ስንት ዓመቱ ነበር የቀበርነው ዕለት?"
"ሃምሳ አራት መሰለኝ።"
"ያንተ እጅ የጀመረው?"
"ስልሳ አንድ ዓመቴ ላይ።"
"እንግዲህ አስበው፤
ሰዓት ጠጋኝ ነህ፥ ይህ አይጠፋህም።
ስድስት ላይ የቆመ ሰባት አይደውልም፤
ያልደወለው ግን ጤና ሆኖ አይደለም።"

ተናግሬ ሳበቃ አልረካሁም በራሴ፤
"ወረቀቱ ውሸት ነው" አላለም ምላሴ።
ሟቾቹን ቀንሰው፥ ኗሪውን መዝነው፣
አሁንም የሚቀር አንዳች ነገር አለው።
ምናልባት ቅጠሉ የደበቀው ይኖራል፤
ምናልባት በሽታው፥ ገና ሳይታይ በአካል፣
አስቀድሞ ከሰው ሱስን ይነጥቃል፤
ያላጨሰው ታዲያ ያኔ ታሞ ይሆናል።
ፍሬውን ለይተው፥ ቆዳ ላይ ለጥፈው፣
ሞክረውት ነበር፤ እጅ አላቆመም ሰው።
ይህን ሁሉ አልኩት። እሱ ግን በጉጠት
እንደ ወደቀች ብሎን ከወለል ለቀማት፣
"ምናልባት"ን ብቻ።

ከመሳቢያው ሳበ አንድ ያልተከፈተ ፓኮ፤
ለካ ገዝቶ ኖሯል።
ክብሪት ጫረ። ነደደ። እጁ ናጠው፥ ጠፋ።
ሁለተኛ ጫረ፤
እሳቱ እንደ ሰከረ ወዲያ ወዲህ ዞረ፣
ከሲጋራዋ ጫፍ ስንዝር ሲቀር ቀረ።
ሦስተኛዋ እንጨት ገና ሳትነድ ተሰበረች።
"ጫሪልኝ" አለኝ፥ ዓይኑ ክብሪቱ ላይ።
ሁለቱንም እጄን ከኮቴ ኪስ ከተትኩ።

ክፉ አላወጣኝም፥ ደግም አልተናገርኩ፤
ያ የታመመው እጅ፥ መድኃኒት ፈላጊው፣
መድኃኒት የተባለውን እፍ ብሎ አጠፋው።
ልስቅ ነበር፤ ተውኩት።

ሲጋራዋን ሰበራት፤ ቅጠሏን ዘርግፎ፣
አፍንጫው ሥር ያዛት በመዳፉ አቅፎ።
እንደ አንድ ልጅ ሳባት፥ ያለ እሳት፥ ያለ ጭስ፣
ያ አሮጌ መጋዘን ከደረቱ እስኪደርስ።
"አባታችን ሳለ..." ብሎ ጀመረና
አልጨረሰውም።

ከግድግዳው ዙሪያ ሰዓቶቹ ሁሉ
አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ስምንት ደወሉ።
ከበሩ በላይ ያለችው፣
የአባታችን የነበረችው፣
አልደወለችም።