ጉልበቴ ቻርጅ ላይ ነው

ጠባሴ፣ ኅዳር ነው፤ ውርጩ ሣር ነክሷል፣
የጎረቤት ጣራ አመዳይ ለብሷል።
ዘነበች ከደጅ ቆማ ትጣራለች፣
«እትዬ እታለማሁ፣ ዕድር አይሄዱም?» ትላለች።
«ቆይ» እላታለሁ፣ «ጥቂት ታገሺኝ፣
ጉልበቴ ቻርጅ ላይ ነው፤ አረንጓዴው ይብራልኝ።»

ትሳቅ። እኔም ስቄያለሁ፤
ሰባ ስምንት ዓመት በሁለት እግሬ ኖሬ
አሁን በአራት ቆሜያለሁ።

ኤፍራታ ናት ከሆስፒታል ያመጣችው፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣
በባጃጅ ጭና፣ በካርቶን አሽጋ፣ በገመድ ጠፍራ አጥብቃ።
ወገቤ ላይ ቀበቶ፣ ጭኖቼ ላይ ማሰሪያ፣
በዳሌዬ ግራ ቀኝ የሞተር ማደሪያ።
«ለሦስት ወር ነው» አለች፣ «ለሙከራ ያህል፤
ሊወድቁ ሲሉ ቀድሞ ያውቃል፣ ይመልስዎታል።»
«ውድቀትን ቀድሞ ማወቅማ የነቢይ ነው» አልኳት።
«የለም እማማ፣ የሴንሰር ነው።»

አምና መጋቢት ላይ አዳልጦኝ ወድቄ፣
ግድግዳ ይዤ ነበር የምሄደው፣ ተጠንቅቄ።
ግድግዳው ሲያልቅብኝ አገሩም ያልቅ ነበር፤
ከደጃፌ ወዲያ ያለው ባሕር ነበር።
የመጀመሪያዋን እርምጃ አልረሳትም፦
«ዝዝ» አለ፤ ጭኔ ከሐሳቤ ቀድሞ ተነሳ፣
የሰው ዕቃ ያነሳሁ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ማሽን ግን ለእኔ አዲስ አይደለም።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
የሱፍ ብናኝ እንደ ጉም ፊቴን እየነካካ፣
ሰባት ቁጥርን አሳድጌያለሁ።
ሲርበው በድምፁ፣ ሲደርቅ በጩኸቱ፣
በጆሮዬ ነበር የማውቀው፣ ምን እንዳለ አንጀቱ።
የግራ እጄን የቀለበት ጣት ጫፍ በልቶብኛል፤
አልተቀያየምንም፤
ሁለታችንም ሥራ ላይ ነበርን።

እናም በሦስተኛው ሳምንት፣ ከበሬሳ ዳር ስመለስ፣
ከግራ ዳሌዬ አንዲት ቀጭን ፉጨት ሰማሁ።
ኤፍራታን አስጠራሁ። ላፕቶፗን ከፈተች፣
«ሁሉም ልክ ነው» ብላ መስመሩን አሳየች።
«መስመሩን ተይውና ጆሮሽን አስጠጊ፤
የሚያነክሰው እሱ ነው፣ እኔ ላይ አትፈልጊ።»
ፈታችው። ኩሽኔታው ውስጥ አሸዋ ተገኘ፤
ልጅቱ ዝም አለች፣ ዓይኗ እኔን ቃኘ።

በሌላ ቀን ፋብሪካው በር ድረስ ሄድኩ።
ዘበኛው ልጅ ነው፣ አላወቀኝም።
ብረቱን አየና፣ «ምን ይዘው ነው የሚገቡት?»
«ይዤ አይደለም ልጄ፣ ይዞኝ ነው።»

መብራት የሄደ ለት ጉልበቴም ይሄዳል።
ሁለት ቀን ጨለማ ሆነን አንዴ፣
እሱ ማዕዘን ተደግፎ፣ እኔ አልጋዬ ላይ፣
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ተያየን።
«ለካ አንተም እንደኔ ነህ» አልኩት፣
«ቀና የሚያደርግህ ሌላ ነው።»

ጥር መጨረሻ ሦስት ወሩ ሞላ።
ኤፍራታ ካርቶኑን ይዛ መጣች፤ ዓይን ዓይኔን አላየችም።
ቀበቶውን ራሴ ፈታሁ፣ አሸዋውን አራገፍኩ፣
የእናቴን የመንዝ ዝተት ቀድጄ
ግማሹን አለበስኩት፣ መንገዱ ብርድ ነውና።
ቀጣዩ ባለተራ የእነዋሪ ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር።
«ግራውን ያዳምጡት በያቸው» አልኳት፣
«ቀኙ ጨዋ ነው።»

አሁን ምርኩዝ ይዤ ከደጄ እወጣለሁ።
እግሬን ከማንሳቴ በፊት ትንሽ እቆማለሁ፣
ያቺ «ዝዝ» የምትለዋን እጠብቃለሁ።

አትመጣም።

ፀሐይ ጣራው ላይ ወጥታ አመዳዩ ይንጠባጠባል፤
እግሬ፣ ከልምድ ይሁን ከእልህ እንጃ፣
ቀድሞኝ ይራመዳል።