የዐይን ቆብ

አባቴ ቨርሊን ስቱፕስ፣ በኮነርስቪል ከተማ፣
የመብራት ቆብ ይገጥም ነበር፣ ከማለዳ እስከ ጨለማ።
ዘመኑ የችግር ነው፤ ባንኩ በሩን የዘጋበት፣
ጎረቤታችን ኦርፋ ሂክስ ጫማዋን በጋዜጣ የለበደችበት፤
እሱ ግን ቀን ሙሉ የሚሞርደው፣ የሚወለውለው፣
ለእኛ ቢጤ ያልታሰበ፣ ዋጋው ከቤታችን የሚበልጠውን ነው።
ምሳውን በቆርቆሮ ሰሐን ይዤ ከበሩ ስጠብቀው፣
የጣቱ ጫፍ በሞረድ ተልጦ፣ ጥቁር ሆኖ ነው የማውቀው።

ኮርድ ይሉታል።
አፍንጫው እንደ ሣጥን ረዝሞ ቢጠረብ፣
«የሬሳ ነው» እያለ አገሩ ሲተርብ፣
አባቴ ይስቅ ነበር፦
«ሬሳ ዐይኑ አንዴ ተከድኖ አይገለጥም፤
ይኼ ግን ብትቀሰቅሺው፣ መሽቶም አይቆጣም።»

መብራቱ ፓራፋንጎው ውስጥ እንደ ጫጩት ይተኛል፣
በዳሽቦርዱ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ ይገኛል፤
አንዱን ሾፌሩ ሲዘውር ግራው ዐይን ይነቃል፣
ቀኙ ግን ከጎን የሚቀመጥ የሌላ ሰው እጅ ይጠይቃል።
ሁለት ዐይን፣ ሁለት ሰው።
ማን እንዲህ እንዳሰበው
አባቴ አያውቅም ነበር።

መቼም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።
በኅዳር፣ ለኒው ዮርኩ ትርኢት፣ ቀን ተቆርጦ ነበርና፣
በእጅ ተጠፍጥፎ ደረሰ፣ ሆዱ ሳይሞላ ገና፤
ማርሽ የሌለውም ነበር፤ በሰው ትከሻ ተገፋ፣
ምንጣፍ ላይ ሲያበራ ግን ጎድሎውን ማን አይቶ!
ሕዝቡ የጎረቤቱን መኪና ጣሪያ ወጥቶ ተጋፋ።
«ለገና ይደርሳል» አሉ። የከፈለ ሁሉ አመነ።

ከከፈሉት አንዱ የሪችመንዱ ሐኪም፣ አምብሮዝ ቲልፎርድ ነበር፤
ሚስቱ ሉዌላ ሳንባዋን ታማ፣ ትራስ ተደግፋ ስታድር፣
«በገና ማግስት» አላት፣ «ወንዝ ወንዙን፣ በማታ፣
አንቺ ቀኙን ትገልጫለሽ፣ እኔ ግራውን፣ በዝግታ።»

ገና መጣ። መኪናው አልመጣ።
በመዳፍ የሚያዝ፣ እብነ በረድ ላይ የቆመ፣
የነሐስ ኮርድ በፖስታ ደረሰ፣ ለይቅርታ የታለመ።
ከአልጋዋ ጎን፣ ከመድኃኒቱ ጠርሙሶች መሐል አኖረው፤
አፍንጫውን በጣቷ ዳሰሰች። «ዐይኑስ?» አለች፣ «ዕውር ነው?»

በየካቲት ቀበራት።

እውነተኛው በሚያዝያ ሲደርስ፣ ማርሹ ያመልጥ ነበር፤
ዳገት ላይ ቤንዚኑ ይፈላል፣ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣
ሐኪሙ ፋብሪካው ደጃፍ ድረስ አስጎትቶ ያመጣዋል።
አባቴ ኮፈኑን ሲከፍት፣
እሱ የከፈኑን ያስባል።

ተጠግኖ መሸ። ሐኪሙ ሞተሩን አስነሣ፣
ግራውን ዘወረ። ቀኙ ተከድኖ ቀረ፣ ቃሉን እንደ ረሳ።
በአንድ ዐይን ሊሄድ ነው። አባቴ ምንም አላለ፤
ዘይት የጠጣ ሱሪውን ይዞ፣ ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።
እጀታውን ያዘ።
ዘወረ።
እስከ ኋይትዋተር ወንዝ ዳር ሄደው ተመለሱ፤
ምን እንዳወሩ አልነገረኝም፤ «ጥሩ ይነዳል» ብቻ አለ እሱ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። በማግስቱ ዓመት፣ በነሐሴ፣
ፋብሪካው ጩኸቱን ተወ፤
ሦስት ሺህ እንኳ ሳይሞላ ነው የቆመው።
በፊት ጎማው የሚጎተት፣ ከጊዜው ፊት የወጣ፣
ያም ጆሮ ነበር፤ ቀንዱ ከሌላ ቤት ኋላ መጣ።
ቅርጽ ማውጫው ብረት በባቡር ተጭኖ ለሌሎች ተሸጠ፤
አባቴም ለሴቶች ማጀት የሳህን ቁምሳጥን ቀጠቀጠ።
በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ አየው ነበር፣
ደጋግሞ፣ ያለ ምክንያት።

ሐኪሙ ሲሞት የነሐሱን ለአባቴ ተናዘዘ፣
አባቴ ሲሞት ለእኔ። መስኮቴ ላይ አለ።
አንዳንዴ ሲመሽ፣ ጣቴ ሳላስበው ቀኝ ዐይኑን ይፈልጋል፤
እጀታ የለውም፤
ቆቡ እንደ ተከደነ ይነጋል።