ደብረ ብርሃን ላይ ቫርኒሽ አይደርቅም

መጀመሪያ ክሮቹን ፈታሁ፣ አራቱንም ዝገት በልቷቸው፣
እንደ ጅራፍ ጠቅልዬ የወተት ጣሳ ውስጥ ከተትኳቸው።
ከዚያ አንገቱን ነቀልኩ፤ አራት ብሎን፣ የአንዱ ጥርሱ ያለቀ፣
በጎማ ቁራጭ ጨብጬ ስጠመዝዘው እያቃሰተ ለቀቀ።
ቀረ ገላው ብቻውን፣ ከባድ፣ ሆዱ የተከፈተ፣
ሽቦው እንደ አንጀት ከውስጡ የተጎተተ።

የአጎቴ የደምሰው ቤዝ ነው።
የፋብሪካው የኪነት ቡድን የተበተነ ለታ
ተሸክሞት መጣ አሉ፣ በሦስት ወር ደመወዝ ፈንታ።
እናቴ ግን «ፈርሞ ነው የወሰደው» ትላለች፤
እኛ ወረቀቱን አናውቅም፤ እሷ ግን አይታለች።

ጠባሴ፣ በራችን ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትሸሽ በፊት፣
በእንጨት ጠቅልዬ ሰማንያ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣
አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ ጥቁሩን ፋቅሁት።

ጥቁሩ ሥር ቀይ ወጣ።
የአጥር ቀይ፣ ወፍራም፣ በፔኔሎ የተለጠፈ፣
የብሩሹ ጠጉር ሳይቀር አብሮ ደርቆ የተረፈ።
«ማን ቀባው?» አልኩት ጆሮው ላይ ጮኼ።
«ትእዛዝ ነበር» አለ፣ «ጊታሩም ይደራጅ ተባለ።»
ስቆ ሳይጨርስ ሳል ያዘው፤ ወንበሩን ይዞ ዋለለ።
ቀዩ ሥር ሰማያዊ፤ ስስ፤ ጠርዙ ላይ ብቻ የቀረ።
የዚህንም ታሪክ ጠየቅሁት፤ ገላመጠኝና ወሬ ቀየረ።

ከዚያ ወዲያ እንጨት ነው።
እንጨቱ ላይ አንድ ቦታ፣ ቀኝ ክንዱ በሚያርፍበት፣
ቀለም የለም፣ ጭረት የለም፤ ጠቁሯል፣ ላቡን ጠጥቶት።
መቶ ሃያ ቁጥር ሞከርኩ፤ ከዚያ ሁለት መቶ አርባ፤
አልለቅ አለኝ፤ ወደ ውስጥ የስንት ሠርግ ላብ ገባ።
ተውኩት።

«ቤዝ ማለት» ይለኝ ነበር፣ ጆሮው ደህና ሳለ፣
«እያለ የሌለ ነው፤ ሲጠፋ ነው ያለ።»
አንዴ ደብረ ሲና፣ ሠርግ ላይ፣ ጫማው ተፈታና
ሊያስር አጎነበሰ፣ ዘፈኑን መሃል ላይ ተወና፤
ዘፋኙ እየዘፈነ፣ ከበሮው እየተመታ
የጨፋሪው እግር ሁሉ የሚረግጠው አጣ፤
መብራት የጠፋ መስሎት ሰው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።
በኋላ ፋብሪካው መፍተያ ክፍል መደበው፤
ሃያ ሁለት ዓመት ማሽኑ ጆሮውን እንደ ሱፍ ፈተለው።

ቫርኒሹን የሰጠኝ አልጋ ሠሪው ጋሽ ሽብሩ ነው።
«ሦስት እጅ ቀቢው» አለኝ፣ «በየመሃሉ አንድ ቀን ይሁን።»
አንድ ቀን የቆላ ሰው ቀን ነው!
የኅዳር ውርጭ የነካው ቫርኒሽ እንደ ማር ይዝለገለጋል፤
በሳምንቱ በጣቴ ብፈትነው አሻራዬን ይዞ ይቀራል።
አስገባሁት። ከወራጁ በሽቦ አንጠለጠልኩት፣
ከከሰሉ ራቅ አድርጌ፣ ከአልጋዬ ትይዩ ሰቀልኩት።
እትዬ አስካለች በመስኮት ቡናማ ገላውን አይታ
«በነቢያት ጾም ቋንጣ!» አለች፣ ሦስት ጊዜ አማትባ።

በሦስተኛው እጅ ሌሊት ብርድ ልብሴን ሳራግፍ
አንዲት የሱፍ ጭረት ብን ብላ፣ ዞራ ዞራ ስትንሳፈፍ፣
ሄዳ እርጥቡ ላይ አረፈች።
በወረንጦ ላነሣት ስል ይበልጥ ጠለቀች።
ጠዋት መነጽሩን አጥልቆ፣ ጎንበስ ብሎ አጎቴ አያት፤
ይቆጣል ስል «ድርብ ፈትል ነች» አለ፣ «ይቺማ የኛ ናት።»

ክሩን ዛሬ አሰርኩ። ማጉያ የለንም፤
ቢኖረንም ለእሱ ጆሮ ምንም አይፈይድም።
እሱ ግን ወንበሩን ሳበ፣ ቆቡን አወለቀ፣
መንጋጋውን ከጊታሩ ቀንድ ላይ አጣበቀ፣
«በይ» አለኝ በቅንድቡ።

ወፍራሙን መታሁት። ቀጥዬ ሁለተኛውን።
ለእኔ ጭል ጭል ይላል፣ እንደ ሩቅ ቆርቆሮ።
እሱ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉሮሮው ስር አንድ ጅማት ዘለለ፤
ሦስተኛውን ስመታ ፊቱን አጨማደደና
«ወርዷል» አለ።
«ሩብ ዙር አጥብቂው።»