አይጥ የበላው ሳሙና

ቂሊንጦ፤ ከፋብሪካው አጥር፣ ከጭቃው ማዶ፣
እሁድ ጠዋት፤ የሦስት ፍራሽ ቦታ ባዶ።
«ማታ አዲስ ልጅ ትመጣለች» አሉኝ እትዬ ጌጤነሽ፣
«ኪራዩን ታግዝሻለች፤ ትተነፍሻለሽ።»

ልጠርግ ብዬ የላስቲኩን ምንጣፍ ብገልጠው፣
የሳሙና ፍርፋሪ ነው ለካ ቤቱን የሞላው፤
ከባልዲው ሥር፣ ከመስኮቱ ደፍ፣ ከሳጥኑ ጥግ፣
አንዱ እንደ ጥፍር የሳሳ፣
አንዱ እንደ ኮቾሮ የደረቀ፣ ውሃ የሚፈልግ።

አራት ነበርን በዚህች ክፍል፤ ድስታችን አንድ፣
ባልዲያችን አንድ፣ ቁልፋችን አንድ፤
ሳሙናችን ግን አራት።
እሱን አንጋራም ነበር፣ ብንጋራም እራት።
በስፌት መርፌ ጀርባው ላይ ምልክት ጭረን፣
በሟሟ ቁጥር ደግመን፣ አጥልቀን፣ አጥርተን፤
«ት» የትርንጎ፣ «ሲ» የሲምቦ፣ «ዘ» የዘቢደር፤
የኔ አንዲት ሰረዝ፤ ስም የሌላት መስመር።

ትርንጎ ዓይኗ ደከመ፣ ክሩ መርፌ አልገባ አላት፤
በወሩ መጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ ሸኛት።
ዘቢደር አገባች፣ ወደ ገላን ወረደች፤
ቡታጋዝ አላት አሉ፤ ፍራሿን ተሸክማ ሄደች።
ሲምቦ ደሞዝ በወጣ ማግስት፣ ደህና ሁኑ ሳትል።
ስንቴ ደወልኩላት፤
ያቺ የስልክ ሴትዮ ብቻ «እባክዎ» ስትል።

የካሮት መፈቅፈቂያ ከጎረቤት ተውሼ፣
ፈቀፈቅኩት፤ ውሃ ጠብ አድርጌ በሳልሳ ጣሳ ለውሼ፣
ከሰሉ ላይ ጣድኩት።
ፊደል የቀረበትን ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ እንዳለ ጨመርኩት።

ቶሎ አይቀልጥም ሳሙና፤ ጥግ ጥጉን ይዞ ያኮርፋል፣
ቢቆጡት ይገነፍላል፣ ቢተዉት ያንቀላፋል።
አረንጓዴው የልብስ፣ ቀዩ የገላ፣ ነጩ ለበዓል የተገዛ፣
ራቅ ራቅ ብለው ቆዩና፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተንተራሰ፣ ደነዘዘ፣ ወዛ፤
«ዘ» እግሯ ታጠፈ፣
«ት» አንገቷ ዘመመና በአረፋው መሐል አለፈ።

«ሲ»ን ፈልጌ አጣኋት። ከየት ትገኛለች?
ያቺ ሌሊት ሲምቦ «ሳሙናዬን አይጥ በላብኝ» ያለች፣
ትርንጎ ወጥመድ ገዛች፣ ዘቢደር መርዝ በቲማቲም ለወሰች፤
እኔም ቀዳዳውን በጨርቅ ስደፍን አመሸሁ።
አይጧም ዝም አለች።

አይጧ እኔ ነበርኩ።
በአውራ ጣቴ፣ በለብታ ውሃ፣ ፊደሏን ሽሬ፣
ሰረዜን አሰመርኩ፤ ሦስት እሁድ ታጠብኩ፣
በሷው ጠረን ጎኗ አድሬ።
በሦስተኛው ሌሊት አፍንጫዋን ወደ አንገቴ አስጠጋች፤
«ይቺ አይጥ ግን ደስ ደስ ትሸታለች» አለች፣
ዞር ብላ ተኛች።
ለማንም አልነገረች።

ሃይላንድ በቢላ ቆርጬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ገለበጥኩት።
ከሰዓት ላስቲኩን ገሽልጬ አየሁት፤
ቀለሙ ይሄ ነው አይባል፣ የአቃቂ ወንዝ በክረምት፣
ወገቡ ላይ የጠርሙሱ ጅማት።
ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ ክር አለ፤ ከየትኛዋ ቀሚስ እንደሆነ እንጃ፤
ስቤ ላወጣው ነበር፤ ተውኩት። ይሁን ማስረጃ።

ማታ ልጅቱ መጣች፤ ፌስታል ይዛ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ።
አትክልት ነው ስሟ። ገና አረፍ ሳትል፣ ተጠንቅቃ፣
አዲስ ሳሙና አወጣች፣ ወረቀቱን ያልለቀቀ፤
ዓይኗ ጣሪያውን፣ ጥጋ ጥጉን እየጠየቀ፣
«እዚህ ቤት አይጥ አለ ወይ?» አለችኝ።

«ነበረች» አልኳት።
ያንን ጉድ አንስቼ ባልዲው አጠገብ፣ ከመሐል፣ አኖርኩት።
ገና አልጠነከረም፤
አውራ ጣቴ ሰመጠበት።