የሞንታርቦ ኪራይ

ሉባባን ሳላውቃት በፊት ድምጿን ነበር ያወቅሁት፤
ደሴ መናኸሪያ በር ላይ፣ በነሐሴ ጉም ሰማሁት።
"ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!"
ፊቷን ጉም ውጦታል፤ ድምጿን ግን ማን ይዋጠው?
የሚኒባስ ረዳት ናት። መኪናው አልሞላም ሲላት፣ ሳይሞላ፣
የየፌርማታውን ስም ትገጥመዋለች፣ አንዱን ባንዱ አዝላ።
አሥር ብር ሰጥቼ፣ ሐረጎ ላይ መልሴን ብጠይቃት፣
ሁለት ስንኝ ሰጠችኝ፤ ሳቅሁና ተውኳት።

እናቷ ፋጤ ይመር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣
ሽመና ክፍል ውስጥ፣ የሌሊት ፈረቃ ተረኛ።
እዚያ ማሽኑ ሲጮህ ቃል ስለማይሰማ፣
በከንፈር ነው ወሬው፣ በከንፈር ነው ሐሜት፣ በከንፈር ነው ዜማ።
ሉባባ ከዚያ ነው አፍ መክፈት የተማረች፤
ፊደሉን በከንፈር ቀርጻ፣ በጉሮሮ የወረወረች።

እኔ ድምፅ አከራይ ነኝ፦ ሞንታርቦ፣ ማይክ፣ ገመድ፤
ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ሱቅ ሲመረቅ፣ ለጠራኝ የምሄድ።
ቧንቧ ውሃ ካለች ሱቄ አንድ ማታ መጥታ፣
"ግጥም ላቀርብ ነው" አለች፣ ጫማዋ ጭቃ ተመትታ።
"ሦስት መቶውን በዱቤ፤ ከመግቢያው እሰጥሃለሁ።"
"መግቢያው ባይገባስ?"
"ያኔ በጽሑፍ እከፍልሃለሁ።"

መግቢያው አልገባም። አሥራ ሰባት ሰው፣
ሁለቱ ዝናብ ያባረራቸው፣ አንዱን እንቅልፍ የጣለው።
በሦስተኛው ግጥም መብራት ሄደ፤ ሞንታርቦዬ ዝም አለ፤
እሷ አላወቀችም፤ ድምጿ በጨለማው ቀጠለ።
የተኛው ሰውዬ ነቅቶ "ማን ሞተ?" አለ።
ኪራዬን አልጠየቅሁም። በምን አፌ?
የቱን ብዬ ድካሜን፣ የቱን ብዬ ትርፌ?

ከዚያማ ወልድያ፣ ከሚሴ፣ ሐይቅ፣ ኮሌጅ ግቢ፣
እኔ ገመድ ጎታች፣ እሷ ሰው ሰብሳቢ።
አንዱ "ሴት ልጅ እንዲህ ትጮሃለች?" ብሎ ወጣ፤
በሩ ላይ ቆሞ ሰማ ግን፣ በሲጋራው ሌላ ጉም እያወጣ።

አንድ ክረምት ጠፋች።
አንዱ "ታማለች"፣ አንዱ "አገባች"።
ሆጤ ካለች ክፍሏ ሄድኩ፤ መስኮቷ በካርቶን ተደፍኗል፤ ሻማ።
"ልብወለድ ነው" አለች በሹክሹክታ፣ ራሷ እንዳትሰማ።
"መድረክ ላይ ቃል ቢጎድለኝ እሞላለሁ በዓይኔ፣ በእጄ፤
ወረቀት ላይ እጅ የለም፤ እዚህ ብቻዬን ነኝ፣ ወዳጄ።"

አምስት ዓመት ፈጀባት። አንድ ሺህ ቅጂ ታተመ፤
አርባ ሦስቱ ተሸጠ፣ የቀረው ሱቄ ከረመ፤
ከሞንታርቦው ጎን ተደርድሮ የደሴን ብርድ ታመመ።
በምረቃው ማይኩን ብሰጣት፣ "አጥፋው" አለች፣ "ይቅር፤
ሰው ራሱ ያንብበው፤ እኔ ልቀመጥ፣ ልፈር።"

ኋላ የእናቷ ጓደኞች ከኮምቦልቻ መጡ፣
ጥጥ ሳንባቸው ውስጥ አስቀምጠው ጡረታ የወጡ።
ሠላሳውን በጆንያ ይዘው ሐረጎን ሲወርዱ፣
በከንፈር ብቻ አነበቡት አሉ፣ እንደ ልማዱ።

እኔም በቀደም አነበብኩት፣ ሱቄን ዘግቼ፤
ምዕራፍ ሦስት ላይ ራሴን አገኘሁት፣ ሞቼ።
ስሜን ለውጣ፣ ጢም ሰጥታ፣ የተደፈነ ቀኝ ጆሮዬን ትታው፣
ሰውዬው በዝናብ ገመድ ሲጎትት ኤሌክትሪክ መታው።
ደወልኩ። "ምን አደረግኩሽ?" "ታሪኩ ነው የፈለገ፤
ሁለት ሌሊት አልቅሼብሃለሁ፤ ላንተ ማን እንዲህ አደረገ?"
ዘጋሁባት።

ግን እዚያው ገጽ፣ ከሞቱ ጥቂት መስመር ቀድሞ፣
አንዲት ረዳት ትመጣለች፣ ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ።
ከኪሷ የታጠፈ ብር አውጥታ ትቆጥራለች፤
ሦስት መቶ። አሥር ትጨምርና "የቆየበት ነው" ትላለች።

ገጹን በክብሪት እንጨት ምልክት አድርጌ ዘጋሁት።
የዱቤ መዝገቤን አውጥቼ፣ "ሉባባ፣ ሦስት መቶ" የሚለውን ሰረዝኩት።
አሥሯ ግን መልስ ናት።
ግጥም አላውቅ፤ በምን ልመልስላት?