የተረፈች ገንዘብ

የቁጥሬ ወረቀት ሁለት መቶ ስድስት፣
ሰሌዳው ላይ ገና መቶ ሠላሳ ሦስት።
የኛ ሐምሌ ጭቃ፣ የአጅማን ሐምሌ እሳት፤
ፍርድ ቤቱ ውስጥ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣
ሻርፔን ደረብኩና ሰነድ እቆጥራለሁ፣
አንዱ ቢጎድልብኝ ነገም እመጣለሁ።

የሰው መስኮት አሥራ አራት ዓመት ወልውዬ፣
አንዲት መስኮት ገዛሁ፣ ወር በወር ከፍዬ፤
ክፍሏ ተከትላት መጣች እንጂ መስኮቷን ነበር የፈለግኩት፣
ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ሕንፃ መሐል፣
በጥፍር ልክ የሆነች ባሕር የምትታይበት።

ከዚያ የእናቴ ጉልበት ከዳት። ኮምቦልቻ ወረድኩ፣
«አንድ ወር» ብዬ ሄጄ ሦስት ዓመት ከረምኩ።
ለሊፍቱ፣ ለዘበኛው፣ ለደረጃው መብራት
በየዓመቱ የሚከፈል ነበረ፤ ረሳሁት።
አይ፣ መዋሸት ምን ያደርጋል?
አልረሳሁም። አጣሁት።

ማስጠንቀቂያው መጣ አሉ፣ ሲሙ በሞተ ስልክ፤
ሐራጁም ተጠራ፣ በማላውቀው ቀን፣ በማላውቀው ልክ።
አንድ ሰው እጁን አነሣ፣
ያቺን የጥፍር ባሕር ይዟት ሄደ።
ሕንፃው ዕዳውን ወሰደ፣
ፍርድ ቤቱ የድካሙን ወሰደ፣
አጫራቹም ቆነጠረ፤
ከዚያ ሁሉ አፍ በኋላ፣ እንዴት እንደሆን እንጃ፣
ጥቂት ነገር ቀረ።

ይህን የነገረኝ ኑርልኝ የሚባል ድምፅ ነው፤ ፊቱን አላየሁትም።
«እህቴ፣ ገንዘብ አለሽ፤ መንገዱን ግን አታውቂውም፣
ፈርሚልኝ፣ ግማሽ ግማሽ።» አፉ ማር ነው።
ሥጋን ለጅብ አደራ ከምሰጥ ብዬ
የመጣሁት በብድር ትኬት ነው።

ሁለት መቶ ስድስት።
ጸሐፊው ኸልፋን ይባላል፤ ደረቱ ላይ ተጽፏል።
«ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዲርሃም» አለ፣ ቀና ሳይል፤
«ስልሳ ፊልስ» ጨመረ፤ እሷንም አልዘለለ።
«ፋኢድ» ይሉታል በነሱ፣ ሞልቶ የፈሰሰ፤
የኔ ጽዋ መቼ ሞልቶ ነው ማንን ያረሰረሰ?
በኛ ትራፊ ነው። ትራፊን አውቃታለሁ፣
ከማዳም ሳህን ላይ፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ ስንቴ በልቻለሁ።

«ስም?»
«ተረፈች።»
ወረቀቱን አገላበጠ።
«የቤቱ ባለቤት ረውዳ ነች።»

ረውዳን የወለዳት ደላላ ነው፣ ደሴ፣ ፎቶ ቤት በር ላይ፣
በአንድ ከሰዓት፤ ሁለት ዓመት ዕድሜ መርቆላት ከላይ።
ተረፈችን ግን አባቴ፣ ሦስት ልጅ ቀብሮ፣
«ይህቺ እንኳ ትትረፍልኝ» ብሎ፣ ፈርቶ፣ ተጠራጥሮ።

ማዳም በሌሊት የጠራችው ረውዳን ነው፤
መስኮቱን የወለወለች፣
ውሉን የፈረመች፣
ወገቧ የተቀጨ፣ እሷው ነች።
ተረፈች ዓርብ ዓርብ ብቻ፣ በስልክ፣ ለእናቷ ነው የኖረች፤
ዘንድሮ አገር ቤት፣ ፓስፖርት ሲታደስ፣ ስሟን አስመለሰች።
ላቡ የአንዷ፣ መታወቂያው የሌላዋ።

«ሁለቱ ሴቶች አንድ ናቸው የሚል ወረቀት» አለ ኸልፋን፣
«ከቆንስላ፣ ማኅተም ያለበት።»
በትሕትና ነው ያለው። እኔም እኮ
ይህንኑ ወረቀት ስፈልግ ነው የኖርኩት፤
በየትኛው መስኮት እንደሚሰጥ ነው ያጣሁት።

ማዶ የታይፒንግ ሱቅ አለ። ሱኒል የሚባል ኬራላዊ
በሃያ ዲርሃም ማመልከቻ ይጽፋል።
«ምን ብዬ ልጀምር?» አለኝ፣ ጣቶቹን አየር ላይ ሰቅሎ።
ባማርኛ ቢሆን አንድ መስመር ይበቃ ነበር፣
«የተረፈች ገንዘብ ይሰጣት» ብሎ።
በዐረብኛ ሦስት ገጽ ፈጀ።

ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ «ረውዳ» ብዬ ፈረምኩ።
እጄ አልረሳትም።